አንደበት የሆነች ገበታ

አንደበቱ ያልተፈታለት የኦቲዝም ልጅ ፈቃዱን ብዙ ጊዜ በልቅሶና እጅ በመጎተት ይገልጥ በነበረበት ዘመን፣ በእርሱ ፈንታ የሚናገሩ መሣሪያዎች ዋጋቸው በብዙ ሺሕ ዶላር የሚቈጠር ስለ ነበረ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. አንድ የአምስተርዳም ድርጅት ያወጣው ፕሮሎክዎቱጎ የተባለው ፕሮግራም ያንኑ አገልግሎት በእጅ ስልክ፣ በተከታዩም ዓመት በአይፓድ ላይ ማስገኘቱ ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው።

ልጁ በፕሮግራሙ ገበታ ላይ በተርታ ከተሰለፉት ሥዕሎች የሚሻቸውን በጣቱ ሲነካ፣ ቃላቱ ከላይ ባለው መስመር ይደረደራሉ፤ መስመሩን ሲነካ ደግሞ ዐረፍተ ነገሩ በድምፅ ይነገራል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው «አልፈልግም» የምትለዋን ሥዕል ነው፤ ውሃ መለመንማ በጣት ጥቆማም ይቻላል፣ በጨዋ ቃል እንቢ ማለት ግን የነፃ ፈቃድ ጸጋ ነውና (ወላጅ አልፎ አልፎ ሊሰውራት ቢመኝ አይፈረድበትም)። መሣሪያው የአፍን ንግግር ያስቀራል የሚለውንም ሥጋት ጥናቶች አልደገፉትም።

እንግዲህ የኮምፒውተር ጥበብ የተሰጣችሁ ወገኖች፣ የባዕዱን ገበታ በመተርጐም ሳትወሰኑ፣ የአማርኛን ግሥ እርባታ የተከተለ ገበታ ለልጆቻችን ትሠሩ ዘንድ አደራ እላለሁ።