«በጣም» እና «እጅግ በጣም»፦ በአንድ የልብ ሕክምና መጠይቅ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

ባርባራ ሪግልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት የልብ ድካም ሕሙማን ራስን የመንከባከብ መለኪያ በ2009 እና በ2019 ተሻሽሏል። ይህ ሂስ የሚመለከተው የ2009ኙን ቅጂ፣ ከዚያም ውስጥ የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ነው። ክፍሉ ሕመምተኛው ምን እንደሚያደርግ አይጠይቅም። የሐኪም ምክር ለመከተል፣ በጤናው ላይ የሚታየውን ለውጥ ልብ ለማለት፣ ሕመሙን የሚያስታግስ ነገር ለማድረግ እችላለሁ ብሎ ምን ያህል እንደሚያምን ነው የሚጠይቀው።

ለዚህ እምነት አማርኛ ስም አላጣም፤ ችግሩ የተገኘው ሁሉ ሌላ ነገር ይዞ መምጣቱ ነው። «ልበ ሙሉነት» ማለፊያ ቃል ነው። ሆኖም «ልብዎ ደክሟል» ለተባለ ሰው «ምን ያህል ልበ ሙሉ ነዎት?» የሚል ጥያቄ ስለ ሕመሙ የተጠየቀ ይመስለዋል። «በራስ መተማመን» የጠባይ ስም ነው፤ በጉባኤ ፊት ሳያፍር የሚናገረውን ሰው ያስታውሳል። አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 የቀመሩት ጽንሰ ሐሳብ ግን ተለይቶ ለታወቀ ተግባር የሚኖርን እምነት የሚመለከት ነው። «እርግጠኛ ነዎት?» ደግሞ ስለ ነገ ስለሚጠይቅ «እሱ ያውቃል» የሚል መልስ ያስከትላል። መልሱ ትሕትና እንጂ የችሎታ ማነስ አይደለም፤ ጠያቂዋ ግን በዝቅተኛው እርከን ላይ ምልክት ታደርጋለች። ስለዚህ ስሙን ትቶ በግሥ «እችላለሁ ብለው ያምናሉ?» ማለት ይሻላል።

ግሡም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። «ጨው መቀነስ እችላለሁ» የሚለው ችሎታን ሲያመለክት፣ «ጨው ልቀንስ እችላለሁ» የሚለው «እቀንስ ይሆናል» ወደሚል ግምት ያደላል። መጠይቁ የሚፈልገው የፊተኛውን ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ብዙ ተርጓሚ ሳያስብበት የሚያልፈው የእርከኖቹ ስያሜ ነው። ጥያቄዎቹ ስድስት፣ እርከኖቹ አራት ናቸው፤ ከ1 እስከ 4 የተሰጠው ነጥብ ተደምሮ ከ0 እስከ 100 ባለው ልክ ይመነዘራል። 70 እና ከዚያ በላይ በቂ ይባላል። አራቱ እርከኖች እንደ ልማዱ «ምንም»፣ «በመጠኑ»፣ «በጣም»፣ «እጅግ በጣም» ተብለው ተተረጎሙ እንበል። በስድስቱም ጥያቄዎች «በጣም» ያለ ሕመምተኛ ድምሩ 18 ይሆናል፤ ሲመነዘር 67 ያህል ነው። አልበቃም! ከአንዱ በቀር ሁሉንም «በጣም» ብሎ በአንዱ ብቻ «እጅግ በጣም» ቢል ግን 72 ይሆናል። የበቂነት ወሰን ያረፈው በሁለቱ ቃላት መካከል ነው ማለት ነው። በአማርኛ ደግሞ «እጅግ» የተጨመረው ለማጠንከር እንጂ ሌላ ደረጃ ለመፍጠር አይደለም፤ ብዙ ተናጋሪ ሁለቱን ያለ ልዩነት ያፈራርቃቸዋል። በዚያ ላይ ስለ ራስ ችሎታ «እጅግ በጣም» ብሎ መናገር በእኛ ዘንድ እንደ ትምክሕት ይቆጠራል፤ አንድ አዛውንት ለወጣት ነርስ ይህን ይላሉ ብሎ መጠበቅም ያስቸግራል። ጨውን ትተው፣ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ፣ የእግራቸውን እብጠት በየማለዳው እየዳሰሱ የሚኖሩ ሰው በወረቀቱ «ያልበቁ» ሆነው ይገኛሉ፤ በእውነት ትምህርት የሚያስፈልገው ደፋር ተናጋሪ ግን ያልፋል።

እርከኖቹን በማጠንከሪያ ቃል ከመለየት በጥርጥር መጠን መለየት ይቻላል፦ «እችላለሁ ብዬ አላምንም»፣ «በመጠኑ አምናለሁ»፣ «አምናለሁ፤ ጥቂት እጠራጠራለሁ»፣ «ያለ አንዳች ጥርጥር አምናለሁ»። ሦስተኛው ከመነሻው ቃል ርቋል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ተቃውሞው ተገቢ ነው። በሕሙማን ተፈትኖ ሳይታይም ይህ ጸሐፊ አይሟገትለትም። መልሶ በመተርጎም የሚደረገው የተለመደ ማጣሪያ ግን ለዚህ አይበቃም፤ «በጣም» ወደ መነሻው ቋንቋ ሲመለስ ያው «በጣም» ሆኖ ስለሚገኝ ጉድለቱን ሸፍኖ ያልፈዋል።