ፈረሱና ፈረሰኛው ስንት ተራ አላቸው?

ጌሪ ጋይጋክስና ጄፍ ፔረን እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጡት «ቼይንሜል» የመካከለኛውን ዘመን ጦርነት በትንንሽ ምስሎች የሚያጫውት የደንብ መጽሐፍ ነበር። በጅምላው ውጊያ ፈረሰኛ ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ተብሎ ይመደባል እንጂ ሰውና ፈረስ ለየብቻ አይቆጠሩም። ጋይጋክስ ከዴቭ አርነሰን ጋር በ1974 «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን» ሲያሳትም ግን ተጫዋቹ ሠራዊት መምራቱን ትቶ የአንድ ሰው ዕጣ ፈንታ ያዘ። ፈረሱም ከጌታው ተለየና የራሱ ፍጥነትና ቁስል ያለው ፍጡር ሆነ። ሁለቱ ስንት ተራ አላቸው የሚለው ውዝግብ ሥሩ እዚያ ነው።

የ2014ቱ አምስተኛ እትም ጉዳዩን የሚቋጨው ከአንድ ገጽ ባነሰ ጽሑፍ ነው። ፈረሰኛው ሁለት ምርጫ አለው። ልጓሙን ከለቀቀ ፈረሱ በራሱ ተራ የፈለገውን ያደርጋል። ልጓሙን ከያዘ ደግሞ የፈረሱ ተራ ከጌታው ተራ ጋር ይገጥማል፤ ማድረግ የሚችለውም ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ፍጥነት መጨመር፣ ከጠላት ሳይነካ መላቀቅ፣ ጥቃትን መሸሽ።

ደንቡ «ይገጥማል» ይበል እንጂ ሁለቱ አንድ ተራ ይጋሩ ወይስ ተከታትለው ይጫወቱ አይናገርም። ከዚህች ዝምታ የሚወጣው ልዩነት ቀላል አይደለም። አንድ ባላባት 60 ጫማ በሚጋልብ የጦር ፈረስ ላይ ሆኖ፣ 30 ጫማ ርቆ የቆመ ኦርክ ላይ ጦሩን አነጣጥሯል እንበል። ተራው የጋራ ከሆነ ይደርሳል፣ ይወጋል፣ በቀረው ፍጥነት አልፎ ይሄዳል። ተራው የተለያየ ከሆነ ግን ፈረሱ ግልቢያውን ጨርሶ ይቆማል፤ ባላባቱ የሚወጋው ከዚያ በኋላ ነው፤ ወግቶም እዚያው ኦርኩ ፊት ይቀራል።

ተራው የተለያየ ነው የሚለውን ጥብቅ ንባብ የሚደግፉ ሰዎች የ2000ውን ሦስተኛ እትም ይጠቅሳሉ። በዚያ እትም እየጋለቡ ወግቶ ማለፍ ራሱን የቻለ ልዩ ችሎታ ነበር፤ ስለዚህ ማንም በነጻ ሊያገኘው አይገባም ይላሉ። ክርክሩ አያሳምነኝም። አምስተኛው እትም ለእግረኛ ሳይቀር ጉዞውን ከፍሎ፣ መሃል ላይ መትቶ፣ የቀረውን እንዲሄድ ፈቅዷል። ለእግረኛ የተፈቀደውን ለፈረሰኛ መከልከል ደንቡን ከራሱ ጋር ያጣላዋል። ጉግስ ያየ አንባቢም ዘንጉ የሚወረወረው ፈረሱ ከቆመ በኋላ እንዳልሆነ ያውቃል።

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ፈረሱ ሳይነካ መላቀቅን ከመረጠ ፈረሰኛው በየዙሩ ወግቶ የሚሸሽ የማይደረስበት ሰው ይሆናል። እውነት አለው፤ ነገር ግን የፈረሱን ገላ ይረሳል። የጦር ፈረስ የሕይወት ነጥቡ በአማካይ 19 ነው። አንድ የእሳት ኳስ አስማት በአማካይ 28 ጉዳት ያደርሳል። ፈረሱ ሲወድቅ ጌታው በቅጽበት ዘሎ ካልወረደ አብሮ ይዘረራል። በ400 ወርቅ የተገዛ እንስሳ በአንድ ነበልባል ሊያልቅ እየቻለ የማይደረስበት ፈረሰኛ አለ ማለት ያስቸግራል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ብዙም የማይነሳው ጉድለት ነው። የጦር ፈረስ 20 ጫማ በቀጥታ ጋልቦ በሰኮናው ከመታ ጠላቱን መሬት ላይ ሊጥል ይችላል። ልጓሙ በተያዘበት ቅጽበት ግን ይህን ያጣል፤ ከተፈቀዱት ሦስት ነገሮች መካከል መምታት የለምና። ለጦርነት የሠለጠነው እንስሳ ጌታው ሲያዘው ከበቅሎ አይሻልም። ግሬግ ስታፎርድ በ1985 ባወጣው «ፔንድራገን» በተባለ ጨዋታ ይህን በብልሃት አልፎታል፦ በግልቢያ የሚወረወር ሳይሆን የሚሰካ ጦር ጉዳቱ የሚለካው በፈረሱ ጉልበት ነው። እዚያ ፈረሱ በምቱ ውስጥ አለ።

የ2024ቱ የተሻሻለ እትም ልጓሙ የተያዘ ፈረስ በፈረሰኛው ተራ እንደሚንቀሳቀስ በግልጽ ጽፎ የመጀመሪያውን ክርክር ዘግቷል። ሦስቱን ድርጊቶች ግን እንዳሉ ትቷቸዋል። የጨዋታ መሪዎች ይህን ክፍተት በራሳቸው ገበታ ላይ ይሙሉት፤ ቀጥታ 20 ጫማ ለጋለበ የጦር ፈረስ ሰኮናውን ይመልሱለት።