ጥሩ ኮርቻ ከቆዳው በታች ነው

በላስታ ኮርቻ የሚገዛ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቆዳው ላይ ነው፤ ቀለሙ፣ ስፌቱ፣ የጌጡ ብዛት። ዋጋውን ከፍ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ሚዛኑ ግን የተገለበጠ ነው። የኮርቻ ላይኛው ገጽ ለተቀማጩ፣ ታችኛው ለተሸካሚዋ የተሠራ ነው። ተቀማጩ ካልተመቸው ይናገራል፤ ሲብስበትም ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። በቅሎዋ ግን ብዙውን ጊዜ የምትሰማው ገጣባ ከሆነች በኋላ ነው። ስለዚህ ጥሩ ሥራን ከመጥፎ መለየት የሚሻ ገዢ ኮርቻውን ገልብጦ ከሥሩ መጀመር አለበት። ይህ በየትም አገር እውነት ቢሆንም በላስታዋ ከተማ በላሊበላ ዙሪያ ይበልጥ ይጎላል። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ አሸተን ማርያም ገዳም የሚያወጣው መንገድ ከዚያም በላይ ዳገትና ድንጋይ ነው። ሽቅብ ሲወጡ ኮርቻው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ቁልቁል ሲወርዱ ወደ አንገት ይመጣል። ሜዳ ላይ ተደብቆ የሚኖር ጉድለት እዚህ በአንድ ጉዞ ይጋለጣል።

በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። ኮርቻ ገዢም ቃሏን አምኖ በእናቷ ልክ ይገዛላታል፤ ጀርባዋ ግን ወደ አባቷ ያደላል። የፈረስ ጀርባ ጋማው ከሚያልቅበት ላይ ጎላ ያለ ጉብታ አለው፤ ኮርቻው ወደ ጎን እንዳይዞር የሚያግዘው እሱ ነው። የበቅሎዋ ጉብታ ዝቅ ያለ፣ ጀርባዋ ቀጥ ያለ፣ ጎኗ ክብ ነው፤ ኮርቻ የሚይዝባት ቦታ ጥቂት ነው። ወገቡ ሰርጎድ ላለ ፈረስ ታስቦ የተቀረጸ ኮርቻ በእሷ ላይ ሲጫን መሐሉ ብቻ ይነካና ፊትና ኋላው ይወዛወዛል፤ የተቀማጩ ክብደት ሁሉ መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ ይወድቃል። የኮርቻው የፊት ቅስት ጠባብ ከሆነ ደግሞ ከትከሻዋ ኋላ ግራና ቀኙን ቆንጥጦ ይይዛታል። አስቸጋሪ በቅሎ የምትባለው፣ ሲጭኗት የምትናከሰውና ጆሮዋን ወደ ኋላ የምትጥለው፣ ብዙ ጊዜ ጠባየ ክፉ ሳትሆን ልኳን ያጣች ናት።

የአገራችን ኮርቻ በመሠረቱ ብልህ ሥራ ነው። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ የሚያርፉ ሁለት ሳንቃዎች በፊትና በኋላ ቅስት ተያይዘው፣ እርጥብ ሆኖ በተጠቀለለና ሲደርቅ በሚጠብቅ ጠፍር ይታሰራሉ፤ በመሐላቸው ባለው ክፍተት አከርካሪው ከጫና ነጻ ሆኖ አየር ያገኛል። እንግዲህ ዳኝነቱ ከዚህ ክፍተት ይጀምር። ኮርቻው ያለ ግላስ፣ ባዶውን ጀርባዋ ላይ ይቀመጥና ከኋላ ሆኖ መመልከት ነው፤ ብርሃን ከዳር እስከ ዳር ካልታየ፣ ሰው ሲቀመጥበትም ካልቀረ፣ ሌላውን መመርመር ድካም ነው። ቀጥሎ የፊት እግሯን አንስቶ ወደ ፊት መሳብ ያስፈልጋል። እግሩ ሲዘረጋ የትከሻዋ አጥንት ወደ ኋላ ስለሚዞር፣ ሳንቃው ቆማ ሳለች ከአጥንቱ ሁለት ሦስት ጣት ርቆ ካልጀመረ በእያንዳንዱ እርምጃ ይወጋታል። የኋላ ጫፉም ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ማለፍ የለበትም፤ ከዚያ ወዲያ ክብደት የሚሸከም አጥንት የለም። የሳንቃው ሥር በትክክል የት የት እንደሚነካ ለማወቅ የጠመኔ ዱቄት ቀብቶ ጀርባዋ ላይ ማሳረፍና ማንሳት ይበቃል፤ ጥሩ ኮርቻ ረጅምና ወጥ የሆኑ ሁለት አሻራዎች ይተዋል፤ መጥፎው ነጠብጣብ። ስለ ምስማር ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጠፍር በሚገባበት ቦታ ምስማር የመታ ሠሪ ጊዜውን ቆጥቧል፤ የሚላላውን ምስማር የምትቀበለው ግን በቅሎዋ ናት።

ለዚህ ሁሉ ፈጥኖ የሚሰጠው መልስ «ግላስ መደራረብ ነው» የሚል ነው። ሰፊ ለሆነ ኮርቻ ድርቡ በጥቂቱ ያግዝ ይሆናል። ለጠባብ ኮርቻ ግን በጠባብ ጫማ ውስጥ ወፍራም ካልሲ እንደመደረብ ነው፤ ቁንጥጫውን ያብሳል። «የሆድ ጠፍሩን ጠበቅ ማድረግ ነው» የሚሉም አሉ። ልኩ ያልሆነ ኮርቻ ሲጠብቅ ቁስሉ ከጀርባ ወደ ደረት ሥር ይወርዳል እንጂ አይቀርም፤ አየር በሚሳሳበት ከፍታም ትንፋሿን ያሳጥራል። የደረትና የጭራ ጠፍርም እንዲሁ ነው። እነዚህ ሥራቸው ዳገትና ቁልቁለት ላይ ነው። ሜዳ ላይ ተወጥረው ከታዩ የመጥፎ ኮርቻ ምርኩዝ ሆነዋል ማለት ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ባለ በቅሎው ድሃ ነው፤ ለእያንዳንዷ በቅሎ የራሷን ኮርቻ ከየት ያመጣል? ደግሞስ በጉግስ የሚሮጡት ፈረሶች በማንኛውም ኮርቻ ይሮጡ የለም ወይ? ከሁለተኛው ልጀምር። ጉግስ ፈጣን ግልቢያና ድንገተኛ መዞር ነው፤ እዚያ ትልቁ ጉዳይ ጋላቢው እንዳይወድቅ የፊቱና የኋላው ቅስት ከፍ ብሎ መያዙ ነው። አሜሪካውያን ለውድድር በበርሜሎች ዙሪያ በሚያሽከረክሯቸው ፈረሶች ኮርቻ ላይ የሚፈልጉትም ይህንኑ መያዣ ነው፤ ሆኖም እነርሱም ጉብታ አልባ ሰፊ ጀርባ ያለው ፈረስ ሲገጥማቸው ስለ ቅስት ስፋት ይጨነቃሉ። የአሸተን በቅሎ ደግሞ ለደቂቃዎች ሳይሆን ለሰዓታት፣ ግልቢያ የማያውቅ እንግዳ ተሸክማ ትወጣለች። ልምድ የሌለው ጋላቢ ዘንበል እያለ የሚጨምረው ጫና ሁሉ ኮርቻው ባረፈበት ቦታ ይጠራቀማል።

የድህነቱን ነገር በተመለከተ ግን ሒሳቡ ወደ ተቃራኒው ይመራል። እንግዳ የሚበዛው በገናና በጥምቀት ነው። በዚያ ሰሞን የቆሰለች በቅሎ ካልተሠራባት ባለቤቷ የዓመት ተስፋውን ያጣል፤ ከተሠራባት ቁስሉ ይጠልቃል። በቅሎ ደግሞ ከኮርቻ እጅግ ትወደዳለች። እውነት ነው፣ አንድ ኮርቻ ለሁለት በቅሎ ሊሆን ይችላል፤ ጀርባቸው ከተመሳሰለ። ወፍራም ሽቦ ከትከሻዋ ኋላ በጀርባዋ ቅርጽ አጥፎ ካርቶን ላይ መሳል መመሳሰላቸውን ያለ ብዙ ወጪ ያሳያል። ይህንኑ በዓመት ሁለት ጊዜ መድገም ይገባል፤ ከክረምት ሣር በኋላ በጥቅምት የለካናት በቅሎ በግንቦት ከስታ ሌላ ጀርባ ይዛ ትጠብቀናለች። ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ የእንግዳውና የኮርቻው ክብደት ተደምሮ ከእንስሳው ክብደት አንድ አምስተኛ እንዳይበልጥ የሚል የተለመደ መለኪያ ስላለ፣ 300 ኪሎ ግራም ለምትመዝን በቅሎ 60 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ከነኮርቻው ከዚያ በላይ ለሆነ እንግዳ የትኛውም ኮርቻ መፍትሔ አይሆንም፤ ቢያንስ ቁልቁለቱን በእግሩ ይውረድ።

የመጨረሻው ዳኛ ከጉዞ መልስ የሚነሳው ኮርቻ ነው። ሥሩ በእኩል የራሰ ከሆነ መልካም ነው። በላቡ መሐል ደረቅ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ ያ ቦታ ወይ አለመጠን ተጭኗል ወይ ጨርሶ አልተነካም፤ ሲዳስሱት ከሸሸች የመጀመሪያው ነው። ጠጉሩ በነጭ የተተካ ቦታ ደግሞ የቆየ ጫና ማስረጃ ስለሆነ፣ በቅሎ ሲገዙም ማየት ይጠቅማል። ጥሩ ሠሪ እነዚህን ምልክቶች አይቶ ሳንቃውን ሊፍቅ ፈቃደኛ ነው፤ በቅሎዋን ሳያይ «ለሁሉም ይሆናል» የሚለውን ማለፍ ይሻላል። ቅዳሜ ገበያ ኮርቻ ሊገዛ የሚወጣ ሰው በቅሎዋን ይዞ ይውጣ።