ከልኬት እስከ ሕክምና፦ የስናይደር ጥናት ሲመዘን

ማይክል ስናይደርና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. በ«ሴል» መጽሔት ያሳተሙት ጥናታዊ ጽሑፍ፣ ለግለሰብ የተበጀ ሕክምናን ከምኞት ወደ ማስረጃ ለማሻገር የተነሣ ሥራ ነው። ተጠኚው አንድ ሰው፣ ያውም ራሱ ስናይደር ነው። ቡድኑ ሙሉ ጂኖሙን አንብቦ፣ ለ14 ወራት ደሙን እየደጋገመ በመቅዳት አር ኤን ኤውን፣ ፕሮቲኖቹንና የሜታቦሊዝም ውጤቶቹን ጎን ለጎን መርምሯል። መልቲ-ኦሚክስ የሚባለው ይህ የተደራረበ ምርመራ ነው።

የሥራው ዋና ጥንካሬ ጊዜን የመዋቅሩ አከርካሪ ማድረጉ ነው። ጂኖሙ ለዓይነት 2 የስኳር ሕመም ተጋላጭነትን ይጠቁማል፤ ሰውየው ግን ያልወፈረ፣ ሲጋራ የማያጨስ ነው። በመሃል አር ኤስ ቪ የተባለ የመተንፈሻ አካል ቫይረስ ይይዘዋል፤ ከዚያ የደሙ ስኳር ያሻቅባል፣ ሕመሙም ይረጋገጣል። አመጋገቡን ሲለውጥና እንቅስቃሴ ሲጨምር ስኳሩ ይወርዳል። እንዲህ የተሰናሰለ የትረካ ፍሰት በላቦራቶሪ ጽሑፍ ውስጥ ብርቅ ነው። ቋንቋው ግን ለስሌት ባለሙያ እንጂ ለሐኪም አልተጻፈም።

የትረካው ውበት ከማስረጃው በላይ እንዳያሳምነን መጠንቀቅ ይገባል። ቫይረሱ መቅደሙ መንስኤነቱን አያረጋግጥም። እልፍ ነገር አብሮ ሲለካ ጥቂቱ በአጋጣሚ ብቻ ከመደበኛው መውጣቱ አይቀርም። ሕመሙን ያረጋገጠውም የተለመደው የስኳር ምርመራ ነው። ጂኖሙ ወዴት መመልከት እንደሚገባ መጠቆሙ ትልቅ አስተዋጽኦ ነው፤ የቀሩት ልኬቶች ለሐኪሙ ውሳኔ ምን እንደጨመሩ ግን ጽሑፉ ነጥሎ አላሳየም።

ሌላው ክፍተት የማነጻጸሪያው ነው። የአንድ ሰው ጂኖም የሚመዘንበት የዘረ መል መረጃ በአብዛኛው የተሰበሰበው ከአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ነው። ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በ1996 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ካጠኗቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ሲ ዋይ ፒ 2 ዲ 6 የተባለው ዘረ መል ተጨማሪ ቅጂ አላቸው። ይህ ዘረ መል ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ወደ ሞርፊን ከሚለውጠው ኢንዛይም ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ለሌላው የተለመደው የመድኃኒቱ መጠን ለእነዚህ ሰዎች ሊበዛ ይችላል።

የስናይደር ቡድን በ2019 እ.ኤ.አ. 109 ሰዎችን ያካተተ ተከታይ ጥናት በማሳተም የአንድ ተጠኚን ውስንነት በከፊል አርሟል። ፍርዴ ይህ ነው፦ የ2012ቱ ሥራ የአንድን ሰው ጤና በብዙ ረድፍ መከታተል እንደሚቻል በላቀ ብቃት አስመስክሯል፤ ክትትሉ ከተለመደው ሕክምና የተሻለ ውጤት እንደሚያስገኝ ግን አላረጋገጠም።