የኩፋሌ ሽበታም ሕፃን

መጽሐፈ ኩፋሌ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ መሆኑ ይታወቃል። በምዕራፍ 23፣ የአብርሃም ሞት ከተተረከ በኋላ፣ ስለ ሰው ዕድሜ ማጠር የሚናገር ክፍል አለ። ይህን ክፍል ከዛሬው የዘር ሳይንስ ጋር ለማጋባት የሚቃጣቸው ስላሉ፣ በበኩላችን ጥቂት ልንል ወደድን።

ጸሐፊው የሚቆጥረው በኢዮቤልዩ ነው፤ አንዱ 49 ዓመት። የጥንቶቹ ዕድሜ 19 ኢዮቤልዩ ነበር፤ ከጥፋት ውኃ ወዲህ እየቀነሰ ሄዶ አብርሃም እንኳ በ175 ዓመቱ አረፈ፤ የሚመጣው ትውልድ ደግሞ 2 ኢዮቤልዩ ሳይሞላ ያረጃል። ምክንያቱ የሰው ክፋት ነው። በመጨረሻም የሦስት ሳምንት ሕፃን የመቶ ዓመት ሽማግሌ መስሎ ይታያል፤ የልጆች ራስ ይሸብታል። በድርሰትነቱ ከምዕራፉ ሁሉ ኃይለኛው ምስል ይህ ነው እንላለን።

ስሕተቱም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ፕሮጄሪያ የሚባል፣ ሕፃናትን ያለ ጊዜያቸው የሚያስረጅ እጅግ ብርቅ በሽታ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 እንደ ታወቀው፣ መነሻው ላሚን ኤ የተባለውን ፕሮቲን በሚያሠራው ጂን ውስጥ የአንዲት ፊደል መለወጥ ነው። ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ ከእናትም ከአባትም ያልተወረሰ፣ በአጋጣሚ የተፈጠረ ነው። ታዲያ ልጁ የማንን ኃጢአት ተሸከመ ሊባል ነው? ደግሞም የእነዚህ ልጆች ጸጉር ይረግፋል እንጂ እንደ ሽማግሌ አይሸብትም። ኩፋሌ የጻፈው ስለ ትውልድ ነው፤ ስለ አንድ ሕመምተኛ አይደለም። «ትንቢቱ ተፈጸመ» የሚል መምህር፣ እንዲህ ያለ ልጅ ከፊቱ ቢቀመጥ ምን ሊለው ነው?

ጉዳዩ የአንድ ሃይማኖት ተማሪዎች ብቻ አይደለም። ከጅግጅጋ በቶግ ዋጃሌ አልፈን ሐርጌሳ ብንደርስ፣ ቁርዓን የቀራ ልጅ ነቢዩ ኑሕ በሕዝቡ መካከል 950 ዓመት መቆየቱን ከሱረቱል ዐንከቡት ያውቃል (በኦሪት ግን 950 የኖኅ ሙሉ ዕድሜ ነው)። ሱረቱ ያሲንን የሰማ ደግሞ ረጅም ዕድሜ የተሰጠው ሰው በአፈጣጠሩ ወደ ኋላ እንደሚመለስ ሰምቷል። በዚህ አነጋገር እርጅና ሰው እንዲያስብበት የቀረበ ምልክት ነው፤ ለሥነ ሕይወት መምህርም ከኩፋሌው ይልቅ ይመቻል።

ይሁን እንጂ ኩፋሌን በሽበታሙ ሕፃን ላይ አቁሞ መዝጋት ግማሽ ንባብ ነው። ቀጥሎ ሕፃናቱ ሕጉን መመርመር ይጀምራሉ፤ ዕድሜም እንደገና እየረዘመ ወደ ሺህ ዓመት ይጠጋል። መመለሱን የሚጀምሩት ሽማግሌዎቹ ሳይሆኑ ልጆቹ ናቸው። ይህን ዐረፍተ ነገር ከነዚያ ተርጓሚዎች አንዱም ሲጠቅሰው አልሰማንም።