ስለቱ የውድነሽ፣ ሽሽቱ የማን?

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ስለ በዛብህ ያልተለቀሰበት የአንባቢ ቤት ጥቂት ነው። እኛም አልቅሰናል። ይሁን እንጂ መጽሐፉን ከእጅ ወደ እጅ ስናዛውር በመካከላችን የተነሣው ክርክር በእንባ የሚዘጋ ስላልሆነ እነሆ በዚህ ገጽ እናቀርበዋለን።

ከአንባቢዎቻችን የሚበዙት «በዛብህ ምን ያድርግ? ዕድሉ ነው፤ ሥርዓቱ ነው የገደለው» ይላሉ። መጽሐፉ ለዚህ አባባል ብዙ ማስረጃ ይሰጣል። ገና በልጅነቱ እናቱ ውድነሽ ለእግዚአብሔር ተሳለችው፤ ሳይጠየቅ ዕድሜው በሌላ ሰው ቃል ታሰረ። ዲማ ላይ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሲያስተምር ደግሞ፣ የድኻ ልጅ በባላባት ልጅ ላይ ዓይኑን መጣሉ በነፍስ የሚያስጠይቅ ድፍረት ነበር። ይህን አንክድም።

ነገር ግን ደራሲው ከበዛብህ ጎን ሰብለን አቁመዋል። ሐያሲዎቻችን ቶሎ የሚያልፉት ይህን ነው። ሰብለም የዚያው ሥርዓት ልጅ ነች፤ እንዲያውም ለሷ በሩ ይበልጥ ጠባብ ነው። ጠያቂ በመጣ ቁጥር አባቷ «ዘሩ አይመጥነንም» እያሉ ሲመልሱ ዕድሜዋ እቤት ያልፋል። በዛብህ ነፍሱ ስትሰጋ ወደ አዲስ አበባ ሸሸ፤ እሷ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ የአባቷን ቤት ትታ ፍለጋው ወጣች። «ሁለቱም ተሰደዱ» ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። እሱ የሚሸሸውን ያውቃል፤ እሷ ግን የምትሄድበትንም ታውቃለች። የደረሰችው እሱ ሞት አፋፍ ላይ ሳለ መሆኑ ውሳኔዋን አያሳንሰውም።

ነፍስን ለማዳን መሮጥን የምንነቅፍ አይደለንም፤ እንዲያማ ቢሆን እኛስ እዚህ ምን እናደርጋለን? የምንነቅፈው፣ በዛብህ የእናቱን ስለት ራሱ መርምሮ «እቀበለዋለሁ» ወይም «አልቀበለውም» ሳይል፣ አንድ እግሩ ቤተ ክርስቲያን አንድ እግሩ ሰብለ ዘንድ ሆኖ መቅረቱን ነው። (ስለ ጉዱ ካሣ ሌላ ጊዜ እንመለሳለን። ለዛሬ ይህን ብቻ እንበል፦ እውነቱን አይቶ የተናገረው እሱ ነው፤ ታጥቆ የተነሣው ግን አበጀ በለው ነው።)

ፍርዳችን ለበዛብህ የሚያደላበት ሌላም ምክንያት አለ። ብዙዎቻችን መጽሐፉን ያወቅነው በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ዛሬም በየሞባይሉ ይዞራል። ያ ድምፅ በዛብህን ያስወድዳል፤ የወደዱትን ሰው ደግሞ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይከብዳል። መጽሐፍ ሲሆን ግን ገጹን ወደ ኋላ ገልጦ መጠየቅ ይቻላል።

ክርክሩ የተነሣው እዚህ ጋአን ሊባህ በመሆኑ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። የሰፈሩ ስም በሶማልኛ «የአንበሳ እጅ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ሲደበድቡ ሕዝቧ ወደኛ አገር ተሰዶ በሐርተ ሼክ ተጠልሎ ነበር። ሽሽቱን የመረጠው እሱ አልነበረም። ከ1991 በኋላ ተመልሶ የፈረሰውን ግድግዳ ሲያቆም ግን ዓለም መንግሥትነቱን እስኪቀበልለት አልጠበቀም። «እነሱ የሚመለሱበት መሬት ነበራቸው፤ የኛ ስም ገና መዝገብ ላይ ነው» የሚል ወንድም አለን። እውነት አለው። ሰብለስ ከቤት ስትወጣ መዳረሻዋን ማን አረጋገጠላት?

መጽሐፉ አሁን ሽፋኑ ስለተገነጠለ እባካችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙት። «ዕድሉ ነው» የምትሉ ደግሞ መልሳችሁን ከአንድ ገጽ ሳታሳልፉ ላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም አንድም ቃል ሳንቀንስ በእጃችን እንገለብጠዋለን።