ስም የሌለው ፋይል

በእስራኤሏ ኪርያት ጋት ከተማ በኛ በቤተ እስራኤሎች ሰርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወት ሁሉ ከመሣሪያው ጋር አንዲት ፍላሽ ይዞ ይመጣል። በውስጧ የጎንደር እስክስታ፣ የወሎ፣ የጉራጌና የትግርኛ ምት ከነከበሮው፣ ከነቤዙ ተቀናብሮ ተቀምጧል። ስታይል እንለዋለን። አንዱ አዲስ አበባ ተቀምጦ በያማሃ ወይም በኮርግ ይሠራውና በቴሌግራም ይልከዋል፤ ሳምንት ሳይሞላ እኛ ዘንድ ሙሽሮች ይጨፍሩበታል።

ስታይል መሥራት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኪቦርዱ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው የስድስት ስምንተኛ ምት ለእስክስታ አይሆንም። ቆጠራው ልክ ነው፣ ትከሻ ግን አያነቃንቅም። የከበሮው ወፍራም ድምፅ የት እንደሚያርፍ፣ ጭብጨባው ምን ያህል ዘግየት እንደሚል በጆሮ እየፈለጉ አንድ በአንድ ማስተካከል ያስፈልጋል። ቅኝቱም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ትዝታ በኪቦርድ ላይ ብዙ አያስቸግርም፤ አንቺ ሆዬ ላይ ግን ማሲንቆ የሚነካውን ድምፅ የኪቦርዱ ቁልፍ አያገኘውም። ስለዚህ አንዳንዱን ድምፅ ጥቂት ዝቅ፣ አንዳንዱን ከፍ አድርገን እንቃኛለን። አንድ ጥሩ ስታይል የብዙ ሌሊት ሥራ ነው። ከሦስተኛው ሰው እጅ ሲደርስ ግን ማን እንደሠራው የሚያውቅ አይገኝም።

መገልበጥን ለመርገም አልቸኩልም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ሲመጣ ዘፈን በሻንጣ የጫነ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ከአዲስ አበባ በመንገደኛ እጅ የመጣች አንዲት ካሴት ሁለት ካሴት በሚወስድ ቴፕ እየተባዛች ስንቱን ቤት አዳርሳለች። ቀጥሎ ኤምፒ3 መጣ፤ በአንድ 700 ሜጋባይት ሲዲ ላይ ከአሥር አልበም በላይ ይገባ ጀመር። እዚህ የተወለዱ ልጆች አማርኛ ዘፈን ያወቁት በዚህ መንገድ ነው። የካሴት ነጋዴውና ሙዚቃ ቤቱ ከስረዋል፣ እሱን አልክድም፤ ያለዚያ ግን እኛ ዘንድ የሚደርስ ነገር አልነበረም።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የካሴቱ ሽፋን ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ተብሎ ይታተም ነበር። በባዶ ካሴት ሲገለበጥ በእስክሪብቶ የሚጻፈው የዘፋኙ ስም ብቻ ሆነ። ኤምፒ3 ሲሆን ደግሞ እሱም ጠፍቶ «ትራክ 01» ብቻ ቀረ።

ስም ምን ያደርጋል ለሚል፣ የሸክላውን ዘመን ያስታውስ። ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሀገር ፍቅር ማኅበርን ብቸኛ የማሳተም መብት ደፍሮ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ በብዙዎቹ ላይ ከዘፋኙ ጋር የአቀናባሪው ስም ሰፍሯል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ አሳታሚ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ ኢትዮፒክስ በሚል ርዕስ ያንን ሙዚቃ እንደገና ሲያወጣ የማን ሥራ እንደሆነ መናገር ችሏል። አቀናባሪው ግርማ በየነ አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ከመድረክ ርቆ ኖሮ፣ በ2017 አካሌ ዉቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ አልበም አውጥቷል። ከስሙ ጋር የቆየ ሥራ ባለቤቱን መልሶ ይጠራዋል።

ሕጉም በዚህ በኩል ነው። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ሆነ የእስራኤል የ2007 (እ.ኤ.አ.) የቅጂ መብት ሕግ ሥራው በሠራው ሰው ስም እንዲጠራ መብት ይሰጣሉ። እዚህ አገር ከ1936 ጀምሮ ያለው አኩም የተባለው የሙዚቃ መብት ክፍያ ሰብሳቢ ማኅበር የሚሰበስበውን ገንዘብ የሚያከፋፍለው በተመዘገበ ስም ነው። በ2019 አዲስ አበባ ላይ አውታር የተባለው የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ሲጀመር ከመሥራቾቹ አንዱ አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ነበር፤ በዚያው ዓመት አረፈ። ገንዘቡ በየትኛውም መንገድ ቢመጣ ስም የሌለው ፋይል ድርሻ የለውም።

አሁን ደግሞ ድምፃዊውን ከባንዱ ነጥሎ የሚያወጣ ፕሮግራም መጥቷል። ድሮ የተቀረጸ ዘፈን ይሰጡታል፤ ድምፁን ለብቻ፣ ከበሮውን ለብቻ ያወጣል። ለሙያው ትልቅ እርዳታ ነው፣ እኔም ቅንብር የማጠናበት በእሱ ነው። ቴክኖሎጂን መፍራት ከ1999 ጀምሮ በኢንቴል ፋብሪካ ቺፕ በሚመረትበት ከተማ ለሚኖር ሰው አይሆንም። ግን ተነጥሎ የወጣው የሳክስፎን ድምፅ ከነፊው ስም ተለይቶ በየስልኩ ሲዞር ማየት ያማል።

ስለዚህ የሙያ ጓደኞቼ፣ ስታይል ስትልኩ በፋይሉ ስም ላይ የሠራውን ሰውና ከተማውን ጻፉ፤ የተቀበላችሁትንም ስም ሳትፍቁ አስተላልፉ። በሲግድ በዓላችን ዕለት የቄሶቻችንን ዜማ በስልክ የምትቀርጹ ወጣቶችም፣ ቪዲዮውን ከማጋራታችሁ በፊት ቄሱን ስማቸውን፣ ዜማውን ከማን እንደተማሩትና ኢትዮጵያ ውስጥ የየትኛው መንደር ሰው እንደሆኑ ጠይቃችሁ ጻፉበት።